ሥዕል በመምህር እጅ፤ ቬሳሊየስና የፓዱዋ ተማሪዎች

በዛሬው የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ መምህሩ አንዲት ቁልፍ ሲጫን የሰው ልብ በሸራ ላይ ሲመታ ይታያል፤ ድምፁም ይሰማል። ይህ ዓይነቱ የትምህርት መርጃ የዘመናችን ፍሬ ይሁን እንጂ፣ ሥዕል ለተማሪው እውነቱን ያሳየዋል ወይስ ስሕተትን ያስውብለታል የሚለው ጥያቄ ከ480 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ጥያቄው ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በኢጣሊያ የሚገኘው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ የአናቶሚ ትምህርት በተለምዶ የሚሰጠው በሦስት ሰዎች ነበር። መምህሩ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ንባቡን ያሰማል፤ ሁለተኛው ቢላዋ ይዞ አስከሬኑን ይከፍታል፤ ሦስተኛው በዘንግ እያመለከተ የተነበበውን ያሳያል። የትምህርቱ ዋና መሠረት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪም የጌለን ቃል ነበር። ጌለን ግን የሰው አስከሬን መክፈት ስላልቻለ፣ ዕውቀቱን በአብዛኛው የቀሰመው ከዝንጀሮና ከሌሎች እንስሳት ነው። ቃሉና አስከሬኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታመነው ቃሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1514 በብራስልስ የተወለደው አንድሬያስ ቬሳሊየስ፣ በ1537 መጨረሻ ገና 23 ዓመት ሳይሞላው በፓዱዋ መምህር ሆነ። ከወንበሩ ወርዶም ቢላዋውን በገዛ እጁ ያዘ። ስለ ብግነት ሕክምና ሲያስተምር የደም መልስ ሥሮችን አካሄድ ነድፎ ቢያሳይ፣ ተማሪዎቹና መምህራኑ እጅግ ስለ ወደዱት ሌሎቹንም ሥሮች እንዲነድፍላቸው ጠየቁት። በ1538 ስድስት ትልልቅ የሥዕል ሉሆች በቬኒስ ታተሙ፤ ከእነርሱም ሦስቱን የዐፅም ሥዕሎች የሣለው ያን ስቴፋን ቫን ካልካር ነበር።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሉሆች ላይ በሰው አካል የሌለ ነገር ተሥሎ ነበር። ጌለን ከአንጎል ሥር አለ ያለው «ድንቅ መረብ» የተባለው የደም ሥሮች ጥልፍልፍ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ጉበቱም አምስት ክፍል ነበረው። መረቡ የሚገኘው ግን እንደ በግና በሬ ባሉ እንስሳት ነው። ቬሳሊየስ ኋላ በጽሑፍ እንደ ተናዘዘው፣ የሰው ራስ በጉባኤ ፊት ሲከፍት የበግ ወይም የበሬ ራስ ከአጠገቡ አይለይም ነበር፤ በሰው ያጣውን በእንስሳው ለማሳየት ሲል ነው። ተማሪው በዓይኑ ያየ መስሎት ሲወጣ፣ የተማረው ግን ያንኑ የመጽሐፉን ስሕተት ነበር።

በ1540 በቦሎኛ የሰውንና የዝንጀሮን ዐፅም ገጣጥሞ ልዩነታቸውን አሳየ። በ1543 በባዝል ከተማ በኦፖሪኑስ ማተሚያ ቤት የታተመው «የሰው አካል አሠራር» የተሰኘው ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፉም ከ200 በላይ ሥዕሎች ይዟል። ሥዕሎቹ በፊደል ምልክት ከንባቡ ጋር ስለ ተያያዙ አንባቢው አንዱን ከሌላው እያመሳከረ ይማራል። ድንቁ መረብ በሰው ዘንድ እንደሌለ፣ የታችኛው መንጋጋም ጌለን እንዳለው ሁለት ሳይሆን አንድ አጥንት እንደ ሆነ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ለተማሪዎች ያወጣው አጭር መጽሐፍ ደግሞ እየተቆረጡ የሚለጠፉ የአካል ክፍሎች ሥዕል ስለ ነበረው፣ ተማሪው አካልን በእጁ ደራርቦ መሥራት ይችል ነበር።

ለውጡ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በፓሪስ መምህሩ የነበረው ሲልቪየስ በ1551 ባሳተመው ጽሑፍ ክፉኛ ነቀፈው፤ ጌለን ተሳሳተ ከማለት ይልቅ ከዚያ ወዲህ የሰው አካል ተለውጧል ማለትን መረጠ።

የ1538ቱን ሉሆችና የ1543ቱን መጽሐፍ ያዘጋጀው ያው አንድ መምህር ነው። በመካከላቸው ባሉት አምስት ዓመታት የተለወጠው የሥዕሉ ማማር ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ሥዕሉን ከመጽሐፍ መቅዳቱን ትቶ ከአካሉ ጋር ማመሳከር ጀመረ። ዛሬ በሸራ ላይ የሚመታው ልብም የሚመዘነው በዚሁ ነው። ተንቀሳቃሹ ሥዕል ከየት እንደ ተገኘ፣ ምን እንደ ተጨመረበትና ምን እንደ ተተወ መምህሩ ካልመረመረ፣ ተማሪውም እንዲመረምር ካላስተማረው፣ የበጉ ራስ ዛሬም ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም።