ካሜራው የሮጠላቸውና ያልሮጠላቸው

ሰሞኑን ፊልም ላይ ተጥደን ከርመናል። እንደ ልማዳችን የሆሊውድ ተኩስ ወይም የጃፓን አኒሜ ግን አልነበረም። የራሳችንን ሯጮች የሚያሳዩ ፊልሞችን ከድሮው ጀምረን በተርታ አየናቸው። ለምን ብትሉን… ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወደ ሱሉልታ የወጣ ወይም ሰበታ አስፋልት ዳር ታክሲ የጠበቀ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ቱታ የለበሱ ልጆች በአጠገቡ ሽው ብለው ያልፋሉ፤ አንድም ስም አያውቅም። እኛ የምናውቀው ያሸነፉትን ብቻ ነው። እነሱንም ቢሆን ያወቅናቸው በካሜራ ነው። ታዲያ ካሜራው ምን አሳየን? ምንስ ደበቀን?

ነገሩ ከሮም ይጀምራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጨለማ ሮጦ፣ ጣሊያን ዘርፎ የወሰደውን የአክሱም ሐውልት አልፎ ገባ! የዚያን ኦሊምፒክ ይፋ ፊልም የሠራው ሮሞሎ ማርቼሊኒ ሲሆን ሥራው ለኦስካር እስከ መታጨት ደርሷል። ዓለም ግን ከዚያ ምሽት ምስሎች ይዞ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ባዶ እግር። ከዚያ ወዲህ አበበ ማለት ከየት መጣ ሳይባል ከሰማይ ዱብ ያለ ባለ ባዶ እግር ሆነ። የክቡር ዘበኛ ወታደር መሆኑ፣ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር በአዲስ አበባ ዙሪያ ዳገቶች ላይ የፈሰሰው ላብ ሁሉ ከምስሉ ውጪ ቀረ። ሥራው ተረሳ፣ ተአምሩ ተወራ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ካየናቸው ሁሉ አንደኛ የምንለው ፊልም ይህ ነው። «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ሲሆን አዘጋጁ ኮን ኢቺካዋ ነው። አኒሜ ወዳጆች ልብ በሉ፤ ሰውየው ሥራ የጀመረው በአኒሜሽን ክፍል ውስጥ በሠዓሊነት ነው! መጀመሪያ ታስቦ የነበረው አኪራ ኩሮሳዋ ነበር፤ እሱ ሲቀር ኢቺካዋ ተጠራ። ፊልሙ ሲያልቅ አንዳንድ ባለሥልጣናት አኮረፉ። የድል መዝገብ ስንጠብቅ ጥበብ ይዘህብን መጣህ ዓይነት ክርክር ተነሣ። እኛ ግን ባለሥልጣናቱ ባኮረፉበት ነገር ነው የተደሰትነው።

ማራቶኑ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ካሜራው ከሩቅ ይስብና የአበበን ፊት ብቻ ይይዛል። ምስሉ ይዘገያል። ላቡ ጠብ ይላል፣ ዓይኑ አይዞርም፣ ፊቱ አይጨማደድም። ጥሩ የስፖርት አኒሜ ያየ ሰው ይህን አያያዝ ያውቀዋል፤ ሩጫውን ትቶ የሯጩን ውስጥ ማየት። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በጊዜው በዓለም ፈጣን በሆነ ሰዓት ገባና ሣር ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ተከታዮቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። እዚህ ፊልም ላይ አበበ ተአምር አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው።

ቀጣዩ «ኢንዱራንስ» ነው፤ የኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በዲዝኒ የወጣ። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይሠራል፤ ልጅነቱን የሚሠራው የገዛ ዘመዱ ነው። የአርሲ መልክዓ ምድር ዓይን ያጠግባል። ታሪኩ ግን ማር በዝቶበታል። ልጁ ትምህርት ቤት ይሮጣል፣ ያድጋል፣ ከዚያ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ! በመሃል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ያልተሳካው ቀን፣ አብረው ጀምረው የቀሩት ጓደኞች የሉም ማለት ይቻላል። ስናየው ደስ አለን፤ ሲያልቅ ግን ራበን።

ያንን ረሃብ ያስታገሰልን «ዘ አትሌት» ነው። ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣው፤ አበበን ሆኖ የሠራውም ራሱ ራሴላስ ነው። ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ የላከችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ትልቁ ነገሩ ሌሎቹ ጨረስን ያሉበት ቦታ ላይ መጀመሩ ነው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ፣ ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበር፣ እንግሊዝ አገር ሕክምና፣ ቀስት ውርወራ፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ የውሻ ጋሪ ውድድር… እሱንም አሸነፈ! አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ዓለም አሁንም የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነበር። ፊልሙ አንዳንድ ቦታ ይጎተታል፣ አንክድም። ግን «ከድሉ በኋላስ?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው።

«ታውን ኦፍ ራነርስ» ደግሞ «ከድሉ በፊትስ?» ይላል። የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሁለት ልጃገረዶችን ያሠለጥናል። ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የምናየው ወርቅ ሳይሆን ናፍቆት፣ ጉዳትና ጥበቃ ነው። እዚህ ጋ ዝም አልን። እነዚህን ልጆች እናውቃቸዋለና! ከመካከላችን የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች አሉ፤ በአንድ ክፍል ኪራይ ተጋርተው የሚኖሩ ሯጮችን በየጎረቤታችን ስናይ ነው ያደግነው።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሣሩ ለጉልበት ይመቻል። ቀነኒሳም የመሮጫ መም ያሠራው እዚያ ነው። ሰበታ ዝቅ ስለምትል ማራቶን የሚሮጡት ረጅሙን ልምምድ አስፋልቷ ላይ ይሠራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ግንባታውም እየሰፋ ነው። ትናንት የተሮጠበት ሜዳ ዛሬ ቆርቆሮ ታጥሮበት እናገኛለን።

የኛ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የሯጮቻችንን ታሪክ በብዛት የቀረፀልን የሌላ አገር ሰው ነው፤ የመጣውም ብዙ ጊዜ ወርቁን ተከትሎ ነው። አራተኛ የወጣውን፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ወደ አገር ቤት የተመለሰውን፣ ኪራይ ሲያጣ ጫማውን የሸጠውን ማን ይቅረፀው? ኢቺካዋ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ፊቱን ረጋ ብሎ ለሚያየው ሰው ሜዳሊያ ሳያስፈልግ ታሪኩ እንደሚወጣ ነው። ካሜራው ዛሬ በየኪሳችን አለ። ሜዳው ሳይታጠር ማለዳ መነሣት ብቻ ነው የቀረን። እስከዚያው ፊልሞቹን ፈልጋችሁ እዩና ራሳችሁ ፍረዱ።

ሰላም ሰንብቱ!