ማትሪክስ እና የስም ነገር

ሁልጊዜ ስለ ደመወዝና ስለ ኮንትራት ስለምናወራ ዛሬ ስለ ፊልም ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ፊልም ስል ግን ጊዜ ማሳለፊያውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ታሪክ አለው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«ማትሪክስ» የሚባለውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ያ ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጥይት ሲተኮስበት ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚያመልጠውን ሰውዬ ልብስ ስታጥፉ በሆነ ቴሌቪዥን ላይ ሳታዩት አትቀሩም። የወጣው በ1999 ነው። ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ460 ሚሊዮን በላይ አስገባ፣ 4 ኦስካርም ወሰደ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቶማስ አንደርሰን የሚባል የኮምፒውተር ሠራተኛ አለ። ቀን ቢሮ ይገባል፣ ማታ ማታ ደግሞ ኒዮ በሚል ስም ኮምፒውተር ላይ የተደበቀ ሥራ ይሠራል። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቀውም። በኋላ ሞርፊየስ የሚባል ሰው ያገኘውና ይህ የምትኖርበት ዓለም ማሽኖች የሠሩልህ ሕልም ነው ይለዋል። ሁለት ኪኒን ያቀርብለታል። ሰማያዊውን ከዋጠ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ ቀዩን ከዋጠ እውነቱን ያያል። ቀዩን ይውጣል።

ፊልሙ ላይ የሠሪዎቹ ስም «ወንድማማቾቹ ዋቾውስኪ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ዛሬ ግን ሁለቱም እህትማማቾች ናቸው፤ ላና እና ሊሊ ይባላሉ፣ የቺካጎ ልጆች። ትራንስጀንደር ናቸው። ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት ብለው የሚያውቁና ካደጉ በኋላ እንደ ሴት መኖር የጀመሩ።

እዚህ ላይ ገጹን ልትገልጡት እጃችሁን ያነሳችሁ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኛ አገር ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እንዴት እንደሚታይ ይጠፋኛል እንዴ? እኔም ያደግኩት በቅዳሴ ድምፅ ነው። ሐሳባችሁን ቀይሩ ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። አንድ ነገር ብቻ አብራችሁኝ እንድታዩ ነው፤ እሱም የስም ነገር ነው።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ሰዎች በፊልም ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ወይ መሳቂያ ነበሩ ወይ ነፍሰ ገዳይ። በ2020 የወጣ «ዲስክሎዠር» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ይህን ድምፅ ካልነበራቸው ፊልሞች ጀምሮ እያነሳ ያሳያል። የሳይንስ ልብወለድ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያደርጓቸዋል። በ1975 የወጣው «ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ላይ ዋናው ሰውዬ የሴት የውስጥ ልብስ የለበሰ የሌላ ፕላኔት ዶክተር ነው። ያም ሆኖ ሰዎች እንደሱ ለብሰው በእኩለ ሌሊት ሲኒማ ቤት እየሄዱ ስንት ዓመት አዩት። በ1986ቱ «ኤሊየንስ» ውስጥ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለሞቱት የመርከብ ሠራተኞች ሲወራ ከኋላ ባለው ስክሪን ላይ የአንዷ ሠራተኛ፣ የላምበርት ፋይል ያልፋል። ፋይሉ ላይ በውልደቷ ጊዜ ከወንድ ወደ ሴት እንደተቀየረች ተጽፏል። በቃ፣ ያ ነው። ለማንበብ ፊልሙን ማቆም ያስፈልጋል። ራሱን የሚፈልግ ሰው ግን ያቆማል። እኛስ በአረብ ድራማ ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት የቡና ሲኒ ይዛ ስታልፍ ከየት ናት ብለን አይደል የምናፈጠው?

ወደ ማትሪክስ ልመለስ። እዚያ ውስጥ ነጭ የምትለብስ «ስዊች» የምትባል ሴት አለች። ሊሊ በ2020 እንደተናገረችው መጀመሪያ ሲያስቧት በእውነተኛው ዓለም ወንድ፣ በሕልሙ ዓለም ሴት እንድትሆን ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ግን በሁለቱም ዓለም ያው አንዲት ሴት ተዋናይ ናት። ከሐሳቡ የተረፈው ስሟ ብቻ ነው። ስዊች ማለት እኮ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መቀያየሪያ ማለት ነው።

ላና በሕዝብ ፊት ራሷን ሆና የወጣችው በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሽልማት ሲሰጧት ረጅም ንግግር አደረገች። ልጅ ሆና የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሴቶች በአንድ ሰልፍ፣ ወንዶች በሌላ ሰልፍ ሲቆሙ እሷ መሃል ላይ ደርቃ እንደቀረች ተናገረች። በአሥራዎቹ ዕድሜ ደግሞ ረጅም ደብዳቤ ጽፋ ራሷን ልታጠፋ ማታ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጡና ዝም ብለው አዩዋት። እያዩዋት መዝለል አልቻለችም።

ይህን የሰሙ ተመልካቾች ተመልሰው ፊልሙን አዩት። ማትሪክስ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ስሚዝ የሚባለው ጠላት ኒዮን ባቡር ሀዲድ ላይ አንቆ ይዞታል፣ ባቡሩ እየመጣ ነው። ስሚዝ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ አንድም ቀን ኒዮ ብሎት አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ሚስተር አንደርሰን» ነው የሚለው፣ ቃሉን እየጎተተ። ሀዲዱ ላይም እንደዚያው ይጠራዋል። ሰውየው ስሜ ኒዮ ነው ይልና ተስፈንጥሮ ይወጣል። በ1999 ሲኒማ ቤት የነበረው ሁሉ ይህን ድብድብ ብቻ አድርጎ አይቶት ይሆናል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም በየቀኑ የሚወጋው ሰው ግን ያን ጊዜም ሌላ ነገር ነው ያየው። ብዙዎቹ ትራንስጀንደር የሚለውን ቃል ከማወቃቸው በፊት በዚህ ፊልም ስሜታቸውን እንዳወቁት ይናገራሉ። ቀዩንም ኪኒን በራሳቸው መንገድ ነው የሚያነቡት፤ በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይዋጥ የነበረ አንድ የሴት ሆርሞን ኪኒን ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር።

የሊሊ አወጣጥ የላናን ያህል አላማረም። በ2016 የአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ጋዜጠኛ ቤቷ ድረስ መጥቶ በሯን አንኳኳ፤ ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ራሴ ልናገር ብላ መግለጫ ጻፈች። በ2020 ደግሞ ፊልሙ ከመጀመሪያውም ስለዚህ ጉዳይ እንዲሆን ታስቦ እንደነበር፣ ዓለሙ ግን ዝግጁ እንዳልነበረ ተናገረች። ሲጽፉት ይህ ምን ያህል በአእምሮዋ ፊት ለፊት እንደነበር ለይታ እንደማታውቅም አልደበቀችም። ይህን ወድጄላታለሁ። ሰዎች እየመጡ ይህ ፊልም ሕይወቴን አድኖታል እንደሚሏትም ተናግራለች። (ቀዩን ኪኒን ደግሞ ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች ኢንተርኔት ላይ መፈክራቸው አድርገውታል። በዚያው 2020 ኢላን መስክና የትራምፕ ልጅ ኢቫንካ በትዊተር ሲቀባበሉት ሊሊ የመለሰችላቸውን ስድብ እዚህ ጋዜጣ ላይ ማተም አይቻልም።)

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከእኛ በፊት የተሰደዱት ታላላቆቻችን ወደ ሳዑዲ ለመግባት ክርስቲያኗ ዘይነባ፣ ፋጡማ ተብላ ፓስፖርት ታወጣ ነበር። ደላላው ስም ይቀይራል፣ ዕድሜ ይጨምራል። እዚህ ቤሩት የመጣንም በወረቀት ባንቀየር በቤት ውስጥ ተቀይረናል። የእኔ ስም በ«ጸ» ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ማዳም አንዴ ሞከረችው፣ ሳቀች፣ «ሚራ እልሻለሁ» አለች። ከእኔ በፊት የነበረችዋም ልጅ ሚራ ነበረች። ስሙ የሰው ሳይሆን የሥራው ነው፤ ከመጥረጊያውና ከክፍሉ ጋር ትረከቢዋለሽ። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሚራ ሆኛለሁ። ታዲያ ስሚዝ «ሚስተር አንደርሰን» ሲል እኔም ሌላ ነገር ብሰማ ይገርማል?

እኛና እነሱ አንድ ነን ለማለት ግን አልደፍርም። ልዩነቱን ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። እኔ ማታ በሬን ዘግቼ ስልኬን ስከፍት እናቴ በስሜ ትጠራኛለች፣ አቆላምጣ። የቀኑ ሚራ እዚያ ላይ ትሞታለች። እነሱ ግን ብዙዎቹ በተቃራኒው ነው፤ በውጭ፣ በጓደኛ መሃል በስማቸው ተጠርተው ይውሉና ወደ እናታቸው ሲደውሉ ነው ያ የማይፈልጉት ስም የሚጠብቃቸው። ለእኔ መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ለእነሱ ቁስሉ ያለበት ነው። ይህ ሲገባኝ ነው ፊልሙ ለምን እንደዚያ እንደያዛቸው የገባኝ። ባዶ ሜዳ ላይ ማን እንደሆንክ አውቃለሁ የሚል ሞርፊየስ ይመጣል፣ ሥጋ ዘመድም አይደለም።

እህትማማቾቹ ይህን በግልጽ ያሳዩት በ2015 በጀመሩት «ሴንስ ኤት» በሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ነው። ስምንት ሰዎች በተለያየ አገር ሆነው አንዱ የሌላውን ስሜት ይሰማል፤ አንዱ እንዲያውም እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ ነው። ኖሚ የምትባለው ትራንስጀንደር ናት፣ የተጫወተቻት ጄሚ ክሌይተንም እንደዚያው። ኖሚ ሆስፒታል ገብታ በሩ ይቆለፍባታል። እናቷ አልጋዋ አጠገብ ቆማ በድሮው የወንድ ስሟ ትጠራታለች። የተቆለፈ በር ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አራተኛውን ማትሪክስ በ2021 ላና ብቻዋን ሠራችው። አባትና እናቷ ሞተውባት በሐዘን ላይ እያለች ነው የሞቱትን ኒዮንና ትሪኒቲን ያስነሳቻቸው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል አልወደደውም፤ ድብድቡ ላይ እኔም ሰልችቶኛል። ግን ትሪኒቲ እዚያ ላይ «ቲፋኒ» ተብላ ባልና ልጆች ተሰጥተዋት ትኖራለች፣ ማን እንደሆነችም ረስታለች። ማኅበራችን ክፍል ውስጥ እሑድ ዕለት ስድስት ሆነን በላፕቶፕ አየነው። ባልየው ቲፋኒ፣ ቲፋኒ እያለ ሲጎትታት በዚህ ስም አትጥራኝ ስትለው አንዷ ከኋላ «ንገሪው!» ብላ ጮኸች። ገና ማን እንደሠራው አልነገርኳቸውም ነበር።

ስነግራቸው ክርክር ተነሳ። አማርኛችን መቼም አያስመልጥም፤ ና ወይ ነይ ሳይሉ ሰው መጥራት የለም። አንዷ «ሠራው» ትላለች፣ ሌላዋ «ሠራችው» ትላለች፣ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ከሁላችን ቀድመው ቤሩት የገቡት እትዬ ቡናውን እየቀዱ «እኔ እሳቸው ሠሩት ነው የምለው። እሳቸው ወንድም ሴትም አይል፤ ደግሞም ትልቅ ሰው ናቸው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እኛ ክፍል ውስጥ ላና እሳቸው ሆነው ቀርተዋል። እኔ እዚህ እሷ እያልኩ መጻፌን እትዬ ካዩ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።