በመዝገብ ያልሰፈረው ግጥሚያ

የአንድ ኅብረተሰብ ስፖርት ከአኗኗሩና ከሕጉ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ኳሱ አንድ፣ ደንቡም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው ግን በአገሩ የሰፈነው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የአሸናፊዎችን መዝገብ ስንገልጥ፣ ወደ ሜዳው እንዳይገቡ የተከለከሉት እነማን እንደነበሩ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ለዚህም በአሜሪካ በደርሃም ከተማ የነበረ የአንድ ጥቁሮች ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ ያሳለፈው የውድድር ወቅት ሁነኛ ምስክር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቅርጫት ኳስን በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠሩት ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ መምህር ናቸው። በክረምት ብርድ ቤት ውስጥ ለታፈኑ ተማሪዎቻቸው ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ሰቅለው፣ 13 ደንቦች ጽፈው ጨዋታውን አስጀመሩ። በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1933 ጆን ማክሌንደን የተባሉ ጥቁር ወጣት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሊከታተሉ ወደዚያው መጡ። ማክሌንደን የጨዋታውን ምሥጢር ከራሳቸው ከፈጣሪው አንደበት ሰሙ፤ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ መሰለፍ ግን በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። ኔይስሚዝ ያወጡት ደንብ ስለ ሰው ቀለም የሚለው ነገር አልነበረም፤ ክልከላውን የጨመረው ሥርዓቱ ነበር።

ማክሌንደን በ1936 ተመርቀው፣ በማግስቱ ዓመት በደቡባዊው የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ወደሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ሄዱ። በ1940 “ንስሮች” የሚባለው የኮሌጁ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። በዚያ ዘመን በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል “ጂም ክሮው” በሚል የወል ስም የሚታወቁት የዘር መድልዎ ሕጎች ጥቁሩንና ነጩን በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስና በምግብ ቤት ለያይተው ያኖሩ ነበር። ለኮሌጆች የሚዘጋጁት አገር አቀፍ ሻምፒዮናዎችም ለጥቁሮች ኮሌጆች ዝግ ስለነበሩ፣ ንስሮቹ የሚገጥሙት መሰል ኮሌጆችን ብቻ ነበር።

ከሰው ዓይን በራቀው በዚህ ሜዳ አዲስ የአጨዋወት ስልት አደገ። የዘመኑ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ቀስ ብለው እየተቀባበሉ፣ ቦታ ከያዙ በኋላ ቆመው በሁለት እጅ ይወረውሩ ነበር። ማክሌንደን ግን ተጫዋቾቻቸውን በብርቱ ሩጫ አሠልጥነው፣ ኳስ እንደተነጠቀ ተጋጣሚው ሳይደራጅ ወደ ቅርጫቱ መገሥገሥን፣ ኳስ ሲጠፋም ተጋጣሚን በሜዳው ሙሉ ርዝመት ማስጨነቅን አስተማሯቸው። በዚያ ወቅት ንስሮቹ በአንድ ጨዋታ ብቻ ተሸነፉ። ሆኖም በሌላው ወገን ካሉት ጋር ሲመዘኑ የት እንደሚደርሱ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው ከተማ፣ ለነጮች ብቻ በተከፈተው በዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ከነዚህም በየግዛቱ ለኮሌጆቻቸው ተጫውተው ያለፉና በጦርነቱ ምክንያት ለውትድርና ሕክምና የሚሠለጥኑ ብርቱ ወጣቶች ይገኙ ነበር። የሁለቱ ተቋማት ጥቂት ተማሪዎች በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አማካይነት በድብቅ እየተገናኙ ይጸልዩ ነበር። ከስብሰባዎቹ በአንዱ፣ የማን ቡድን እንደሚበልጥ ክርክር ተነሣ። ማክሌንደን ወሬውን ሲሰሙ ግጥሚያ ጠየቁ። የ28 ዓመቱ አሠልጣኝ የሚያስይዙት ነገር ቀላል አልነበረም፤ ነገሩ ቢታወቅ ሥራቸው፣ ኮሌጁና የተማሪዎቹ ሕይወት ጭምር አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ቀኑ እሑድ፣ ማርች 12 ቀን 1944 ሆነ። የከተማው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን በሚሆንበት ረፋድ፣ የሕክምና ተማሪዎቹ በተዋሷቸው መኪናዎች ጠመዝማዛ መንገድ መርጠው መጡ፤ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተቆለፈ። ተመልካች አልተጋበዘም፤ ዳኛና ሰዓት ግን ነበሩ። ወሬው የደረሳቸው ጥቂት ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለው አዩ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍርሃት ሁለቱንም ወገን ያዘ። ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ ተጫውተው የማያውቁት ንስሮች ቀላሉን ኳስ ሳቱ። ቀስ በቀስ ግን ወደለመዱት ሩጫ ተመለሱ፤ ተጋጣሚዎቻቸውም የዚህ ዓይነት ፍጥነት ገጥሟቸው አያውቅም ነበርና መቋቋም ተሳናቸው። ጨዋታው በንስሮቹ አሸናፊነት 88 ለ44 ተፈጸመ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ጥቂት ካረፉ በኋላ ተጫዋቾቹ ተቀላቀሉ፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወገን ሆነው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን ሌላ ወገን ገጠሙ። ሕጉ አይሆንም ያለውን በዚያ አዳራሽ ወለል ላይ አደረጉት።

ይህ ክንውን ሥርዓቱን አናጋው ማለት ግን ታሪክን ማጋነን ይሆናል። አራት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 1944፣ በዚያችው ደርሃም ቡከር ስፓይስሊ የተባለ ጥቁር ወታደር በአውቶቡስ የመቀመጫ ቦታ በተነሣ ጠብ በነጭ ሹፌር ተተኩሶበት ሞተ፤ ሹፌሩም በፍርድ ቤት በነፃ ተለቀቀ። ግጥሚያው የተደበቀው በከንቱ ፍርሃት እንዳልነበረ ይህ ያስረዳል። የሕዝባዊ መብቶች ሕግ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ የኳስ ጨዋታ ሳይሆን በብዙኃን ረጅም ትግል የተገኘ ነው።

ምሥጢሩን የሰማ አንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር፤ እሱም ለተጫዋቾቹ ደኅንነት ሲል አልጻፈውም። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” እንዲሉ፣ ታሪኩ በሰፊው የታወቀው የታሪክ ተመራማሪው ስኮት ኤልስዎርዝ ማክሌንደንንና በሕይወት የነበሩትን ተጫዋቾች ጠይቆ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ይህም ከ52 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ማክሌንደን ከ1957 እስከ 1959 ከሌላ የጥቁሮች ኮሌጅ ጋር ሦስት ተከታታይ አገር አቀፍ ዋንጫዎች ወስደው ነበር። ይሁን እንጂ በ1979 የቅርጫት ኳስ ታላላቆች ማኅደር ሲገቡ “ለጨዋታው አስተዋጽኦ ያደረጉ” ተብለው ነበር፤ በአሠልጣኝነታቸው የተሰየሙት በ2016፣ ካረፉ ከ17 ዓመት በኋላ ነው።

የ1944ን የአሜሪካ ኮሌጆች የሻምፒዮና መዝገብ ብንገልጥ የንስሮችን ስም አናገኝም። ዛሬ ግን በየአገሩ የቅርጫት ኳስ የሚጫወት ወጣት ሁሉ ኳስ ነጥቆ ሲሮጥ ያንኑ ስልት ይከተላል። መዝገቡ የነፈጋቸውን ቦታ ጨዋታው ራሱ ሰጥቷቸዋል። ታሪክን ለሚያስተምርም ሆነ በኪነ ጥበብ ለሚቀርጽ ሰው የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ ሰነድ ዝም ባለበት ቦታ፣ ያዩትን ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ቀርቦ መጠየቅ።