ድንገት የሚወጡ የቆዳ ነጥቦች፦ ከሃቺንሰን ዘመን እስከ ጎጃም ጤና ጣቢያ

በጎጃም ደጋ፣ በሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር እንደሚደረገው፣ ሕፃን ጥቁር ምልክት ይዞ ሲወለድ «ማርያም ስማዋለች» ይባላል። ምልክቱ እንደ ጸጋ ስለሚቆጠር ሐኪም ዘንድ አያደርስም፤ አብዛኛውን ጊዜም ማድረስ አይኖርበትም። በጉርምስና ወራት ነጥቦች ቀስ በቀስ መበራከታቸውም የተለመደ ነው። በአንድ ወጣት ቆዳ ላይ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በርካታ ነጥቦች በአንድነት ሲወጡ ግን ይህ ውብ ስያሜ አይበቃም።

እንዲህ ያለውን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1868 ቀድሞ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን መሆኑ ይጠቀሳል። ሃቺንሰን ብርቱ ተመልካች ቢሆንም ምክንያት ሲፈልግ ይሳሳት ነበር፤ ኖርዌያዊው አርማወር ሀንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘ በኋላ እንኳ በሽታው ከተበላሸ ዓሣ ይመጣል በሚል ሐሳቡ ጸንቷል። ከባሕር ርቆ፣ ጤፍና ገብስ እየበላ በሥጋ ደዌ ሲሰቃይ የኖረውን የጮቄ ተራራ ግርጌ ገበሬ ቢያይ ኖሮ ምን ይል ነበር?

የነጥቦቹ ምክንያት እየተገለጠ የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳት፣ ሜላኖሳይቶች፣ ውሃ ቋጥሮ በተላጠ ቆዳ ላይ፣ ለምሳሌ ከስቲቨንስ ጆንሰን ሕመም በኋላ፣ ተከማችተው ሲወጡ ታዩ። ቀጥሎም ኩላሊት ተተክሎላቸው አዛታዮፕሪን በሚወስዱ ሰዎች፣ ለደም ካንሰር በታከሙ ሕፃናት፣ በ1980ዎቹ ማብቂያም በኤች አይ ቪ ሕሙማን ላይ ተመዘገቡ። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ነጥቦቹን የሚገታው ኃይል ይላላል የሚለው ግምት የመነጨው ከዚህ ነው።

እነዚህ ሁኔታዎች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ታወቁ፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 ነው። ለብዙ ዓመታት በሰፊው የተሰጠው ኔቪራፒንና ዛሬም የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል አልፎ አልፎ ስቲቨንስ ጆንሰንን ያስከትላሉ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ወጣቱን ሲመረምር ከነጥቦቹ አልፎ የወሰደውን መድኃኒት፣ ያሳለፈውን የቆዳ መላጥና የኤች አይ ቪ ምርመራውን ይጠይቃል። ወደ ሐምራዊነት ያደላ፣ ያበጠ ነጥብ ካፖሲ ሳርኮማ ሊሆን ይችላል።

ነጥቦቹ በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም። ሆኖም በጥቁር ሕዝብ ላይ ሜላኖማ አዘውትሮ የሚወጣው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው፤ ባዶ እግሩን የሚያርስ ሰው ደግሞ ውስጥ እግሩን አያይም። የሥጋ ደዌ ክትትል ያስለመደው ጫማ አስወልቆ እግርን አንሥቶ ማየት ለዚህም ያገለግላል።