ደብረ ምጥማቅ ስሟን ከየት አመጣች?

ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ፣ ከሰላ ድንጋይ ከተማ አቅራቢያ ወደምትገኘው ጻድቃኔ ማርያም የሚጓዘው ጸበልተኛ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ጀሪካኑን ይዞ የመጣውም፣ ከመንዝ በእግሩ የገሰገሰውም፣ የገዳሟ መጠሪያ ደብረ ምጥማቅ መሆኑን ሲሰማ ትርጉሙን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ‹‹እዚህ ስለምንጠመቅ ነዋ!›› ይላል። አውቶቡስ ውስጥ የተጀመረው ማብራሪያ ጸበል ወረፋ ላይ ሥር ይሰድና ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታሪክ ሆኖ አብሮት ይገባል።

ምጥማቅ መጠመቂያ ማለት መሆኑን የሚክድ የለም። ጸበሉም አለ፣ ተጠማቂውም አለ። ስሙ የወጣለት ውኃ ግን ጻድቃኔ ያለችበት የተጉለት ውኃ አይደለም። ስሙ የመጣው ከግብጽ፣ ዓባይ ከባሕር ከሚቀላቀልበት ምድር ነው።

በሰሜን ግብጽ፣ በቡሩሉስ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጨዋማ ምድር፣ ዓረቦች ደይር አል መግጢስ የሚሉት ገዳም ነበር። የእኛ ሊቃውንት ደብረ ምጥማቅ የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ገዳም ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ምስክር የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ነው። ክርስቲያኖች በሸንስ በሚባለው ወር፣ ማለትም በእኛ ግንቦት፣ ከደቡብም ከሰሜንም ግብጽ ወደዚያ እንደሚጎርፉ፣ ጉዟቸውም ኢየሩሳሌም ወዳለው የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ከሚደረገው ጋር የሚተካከል እንደነበር ጽፏል። ምክንያታቸውንም አልደበቀም፤ እመቤታችን ትገለጥልናለች ስለሚሉ ነው ይላል። አል መቅሪዚ ሙስሊም ነው፤ በመገለጡ አያምንም፣ ‹‹ይላሉ›› ብሎ ያልፈዋል። ለገዳሙ የሚያዳላበት ምክንያት የሌለው ሰው ይህን መመስከሩ ነው ቃሉን የሚያከብደው። ይኸው ጸሐፊ ገዳሙ በ841 ዓመተ ሒጅራ በረመዳን ወር መፍረሱንም መዝግቧል። ይህም እ.ኤ.አ. በ1438 መጀመሪያ፣ በሱልጣን ባርስባይ የመጨረሻ ወራት መሆኑ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ምስክር ደግሞ ስንክሳር ነው። ግንቦት 21 ቀን የሚነበበው ክፍል እመቤታችን በደብረ ምጥማቅ ለአምስት ቀናት እየተገለጠች፣ መላእክትና ሰማዕታት በዙሪያዋ እየታዩ፣ ሕዝቡ እንዴት ይደሰት እንደነበር ይተርካል። የሚተርከው ስለ ግብጽ ነው። በየዓመቱ በዕለቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያም ሆኖ ‹‹ለአምስት ቀን የተገለጠችው እዚሁ ጻድቃኔ ነው›› የሚል ሰው አይጠፋም። በቦታው ያየውን በረከት የሚናገር ምእመን የሚናገረው የራሱን ነው፤ የሚከራከረው የለም። የግብጹን ትረካ ነቅሎ ተጉለት ላይ መትከል ግን የተነበበውን አለመስማት ነው። (ግብጻውያን ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 በካይሮዋ ዘይቱን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ እመቤታችን ታየች ብለው በሺዎች ሲሰበሰቡ፣ የደብረ ምጥማቅን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም።)

ታዲያ ስሙ ዓባይን ሽቅብ እንዴት ተጓዘ? መልሱ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት እኒህ ንጉሥ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አባ ዮሐንስ በላኩት መልእክት የግብጹ ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን ሲሰሙ አለቀሱ። ሕዝቡም አብሯቸው አዘነ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ በፈረሰው ምትክ በተጉለት የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ደብረ ምጥማቅ አሏት። ነገሩ በለቅሶ ብቻም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1443 ከባርስባይ በኋላ ለነገሠው ለሱልጣን ጃቅማቅ ደብዳቤ ጽፈው የግብጽ ክርስቲያኖች እንዲጠበቁ ጠይቀዋል፤ የዓባይ ምንጭ በማን አገር እንደሆነም ሳያስታውሱት አላለፉም።

ይህ የንጉሡን ጠባይ ለሚያውቅ አይደንቅም። ዘርአ ያዕቆብ ስም አውጪ ንጉሥ ናቸው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ አስቦ በእሳቸው ዘመን ነው ደብረ ሊባኖስ የተባለው፤ ሊባኖስንም በዚያ ደጋ ያየ ሰው የለም። የቅዱስ ምድርን ስም አምጥቶ በአገር ተራራና ወንዝ ላይ ማሳረፍ እሳቸው የጀመሩት ነገርም አይደለም፤ ላሊበላ ውስጥ የሚወርደውን ወንዝ ዮርዳኖስ ያለው ልማድ ነው። በእኛ አያቶች ጊዜም አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ሲባሉ ልማዱ እንዳልሞተ ታይቷል። ደብረ ዘይትን ወይራ ስላለበት፣ ናዝሬትን አናጺ ስለበዛበት ነው ብሎ የሚተረጉም አልተገኘም። ደብረ ምጥማቅ ላይ ሲደርስ ብቻ ሁሉም ቋንቋ አዋቂ ይሆናል።

ደብረ ብርሃንም የእሳቸው ስም ናት፤ እዚያ ላይም አንድ ‹‹ሳይንሳዊ›› ማብራሪያ ተለጥፎባታል። ስሟ የወጣለት ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ይባላል። ዜና መዋዕሉን ገልጦ ወሩን ያየ ሰው ግን ይቸገራል። ንጉሡ በመናፍቅነት የከሰሷቸው የመነኩሴው እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት በየካቲት 2 በድንጋይ ተወገሩ፤ ብርሃኑ የታየው ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 በመስቀል በዓል ነው። ጅራታሙ ኮከብ ደግሞ ጎልቶ የታየው በሰኔ አካባቢ ነው። ንጉሡ እንኳን የማርያምን 33 በዓላት በየቀናቸው እንዲከበሩ ያዘዙ ሰው ናቸው፤ መጋቢትን ከሰኔ አያደባልቁም።

የተጉለቷ ደብረ ምጥማቅ ገና አዲስ ሳለች ትልቅ ነገር ተደረገባት። እ.ኤ.አ. በ1450 ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን አባቶች እዚያ ሰበሰቡ። ከግብጽ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፣ ተገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ ቀዳሚት ሰንበት ነበር፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር የሚሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች በዚህ ሰበብ ተገፍተው፣ ከጳጳሳቱም ክህነት ሳይቀበሉ ቆይተዋል። በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፣ ጳጳሳቱም ተስማሙ፣ ኤዎስጣቴዎሳውያንም ወደ አንድነቱ ተመለሱ። ንጉሡ ይህን ራሳቸው በመጽሐፈ ብርሃን ጽፈውታል። ዛሬ ኢትዮጵያዊው ምእመን ቅዳሜንም እሑድንም ‹‹ሰንበት›› ሲል የሚናገረው በዚያ ጉባኤ የጸናውን ነው። የስሙን ታሪክ በጀሪካን ውኃ ልክ የሚያሳጥር ሰው የሚያጣው ይህን ሁሉ ነው።

ከጉባኤው በኋላ መዝገቡ ይሳሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር ሸዋን ሲያቋርጥ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍትም ባከኑ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ታሪኩን የያዘው የካህናትና የአገር ሽማግሌዎች አፍ ነው። እነሱ ደግሞ ስፍራውን አልሳቱም፤ ዜና መዋዕሉ ተጉለት ይላል፣ እነሱም በተጉለት ጻድቃኔን ያመለክታሉ። ጻድቃኔ የሚለው የፍቅር አጠራር ነው። ማርያሜ፣ ጊዮርጊሴ፣ ገብርኤሌ እንደሚባለው ሁሉ፣ በስፍራው የሚታሰቡትን ጻድቃን ምእመኑ የራሱ አድርጎ የጠራበት ነው። የሕዝብ ስም እንዲህ ይወጣል፣ ያምራልም። ደብረ ምጥማቅ ግን የቤተ መንግሥት ስም ነው፤ በደብዳቤ የመጣ፣ በዐዋጅ የጸና።

ሰላ ድንጋይስ? እዚህ ላይ ጨዋታ አዋቂው ይበዛል። አንዱ ጸበልተኛ ስለት ይዞ የሚመጣበት አገር ስለሆነ ነው ይላል፤ ይህኛው ስእለትን ከስለት ስላደባለቀ መልስም አያስፈልገው። ሌላው ሰይፍና ጦር የተሳለበት ድንጋይ ነው ይላል። እንዲያ ቢሆን መሳያ ድንጋይ በተባለ ነበር። ሰላ የተባለው ድንጋዩ ራሱ ነው፤ የተጉለትን ገደል አፋፍ ያየ ሰው ድንጋዩ ሊሰላ መሳያ እንደማያስፈልገው ያውቃል።

ስሙም የቅርብ አይደለም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ አገር እያስተዳደሩ የተቀመጡት ሰላ ድንጋይ ላይ ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና በዚያ አልፏል፤ ስሙንም ዛሬ በሚጠራበት መልኩ ጽፎታል። የስለቱን ትርጓሜ ከአድዋ ዘማቾች ሰይፍ ጋር ሊያገናኝ ለሚቃጣው ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ምኒልክ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ክራፕፍ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።