ካልሲየም ካርቦኔት በኩላሊት ሕክምና

ካልሲየም ካርቦኔት የኖራ ድንጋይ ዋና ይዘት ነው፤ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ በሐኪም የሚታዘዝ ክኒን። የደከመ ኩላሊት ፎስፌትን ከደም ማስወገድ ሲያቅተው፣ የተከማቸው ፎስፌት አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያደነድናል፣ ቆዳን ያሳክካል።

ክኒኑ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፦ ከምግቡ ፎስፌት ጋር ተጣብቆ በሰገራ ይወጣል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሉ አካባቢዎች ጿሚው እስከ 9 ሰዓት እህል በማይቀምስበት ሰሞን፣ «ጠዋት አንድ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም ያጣል፤ ታማሚው መጾሙን ለሐኪሙ ቢነግር ክኒኑ ከማዕዱ ሰዓት ጋር ይስተካከልለታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

በ1250 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ ንጹሑ ካልሲየም 500 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ ሆድ ያደርቃል፣ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፤ የደም ምርመራ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። ከብረት ክኒን፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ከተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች ጋር በተመሳሳይ ሰዓት አይዋጥም። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት የሚታኘክ የጨጓራ መድኃኒትም ምትኩ አይሆንም፤ ሁለቱም በደከመ ኩላሊት ይከማቻሉ።

ክኒኑ ኩላሊቱን ራሱን አያድንም። የደከመውን ኩላሊት የሚተካው ንቅለ ተከላ በኢትዮጵያ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ከጋይንቷ ነፋስ መውጫ ወይም ከስማዳዋ ወገዳ ሲታይ ሩቅ መንገድ ነው።