የፊት እግር ሠራተኞች

አንድ ፒክአፕ በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ባለፈ ቁጥር ከፊት ጎማው ሥር ሲንኳኳ፣ ባለቤቱ ጋራዥ ደርሶ የሚጠይቀው ማንኛውንም መካኒክ ሳይሆን የፊት እግር ሠራተኛውን ነው። መኪናን እግር እንዳለው ፍጥረት ቆጥሮ የሰየመው ይህ አነጋገር ከሕዝቡ ልብ የወጣ ነው፤ በቅሎ ስታነክስ ባለቤቷ አስቀድሞ ኮቴዋን እንደሚመለከት ሁሉ፣ መሪው ሲንቀጠቀጥና መኪናው ሳያዞሩት ወደ ዳር ሲያዘነብል በመጀመሪያ የሚመረመረው እግሩ ነውና። የዚህን ሙያ ያለፈ ዘመን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን የሚያገላብጠው ብራና የለውም፤ ለነገሥታቱና ለጦርነቱ ዜና መዋዕል ሲጻፍላቸው፣ አገሩን በጎማ ላይ ያቆሙት ሰዎች መዝገባቸው እጃቸውና ቃላቸው ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ እኔም የምከተለው ይህንኑ ቃል ነው።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልተቀደደበት በረሃና ዳገት፣ አንድ ሲድሌይ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ልባቸው ለአዲስ ጥበብ ሁሉ የቸኮለ ነበርና ተቀምጠው ሄዱበት። በዚያው ዓመት ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለእጅ በሙያው ምክንያት የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ አስነገሩ። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ መተረክ ልማድ ሆኗል፤ ለእኔ ግን አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ ብረትን በእሳት የሚገዛው ሰው ቡዳ እየተባለ በሚሸሽበት አገር፣ መላ አካሉ ብረት የሆነ ሰረገላ ቢገባ፣ እጁን በቅባት አጥቁሮ ከሥሩ የሚተኛለት ሰው ከወዴት ይገኝ ነበር?

የሙያው ቃላት የመጡት ግን በመከራ ዘመን ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ሠራዊቱንና ስንቁን ለማመላለስ ሲል የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በሳ፣ የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛ መንገድ አወረደ፣ ከባድ የጭነት መኪናዎችንም በብዛት አስገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መኪናውና መንገዱ፣ ከጣሊያን ጠጋኞቹም አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ። በእነርሱ ዘንድ መፍቻ እያቀበለ የዋለው ኢትዮጵያዊ ወጣት የዕቃውን ስም በጆሮው ተቀብሎ በአፉ አለዘበው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ እያለም ለልጅ ልጁ አወረሰው። እነዚህን ቃላት እንደ መጻሕፍት ሊቃውንት በአንድምታ ቢፈቷቸው ደስ የሚያሰኝ ምሥጢር ይገኝባቸዋል፤ ባሌስትራ በጣሊያኖቹ ልሳን የቀስት ዓይነት ማለት ነው፣ ተደራርቦ የጎበጠው ብረት የተወጠረ ቀስት ይመስላልና፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ያርፍበታልና፤ የመሪው ዘንጎች ጫፍ የሆነው ቴስቲኒም ትንንሽ ራሶች ማለት ነው። መሪውን ግን ለባዕድ ቃል አልሰጡትም። መሪ የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን በመሪጌታው መጠሪያ ውስጥ ያለ ስለሆነ፣ የጋራዡ ሰዎች ከዚያ የተሻለ አላገኙለትም መሰለኝ።

በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሙያውን በደብተርና በሥዕል ማስተማር ጀመረ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱ ሲታደስና ሲበዛ፣ የሚሰበረውም እግር አብሮ በዛ። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ሾፌሮች ኤንትሬ ያሉት የፊያት ከባድ መኪና፣ ሾፌሩ በተራራ ላይ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያይ ብለው ሠሪዎቹ መሪውን በስተቀኝ ያደረጉለት ነበር።

የመሪ ጥበብ ራሱ ከመኪና ይቀድማል። በባቫርያ ላንከንስፔርገር የተባለ ሰረገላ ሠሪ፣ ሁለቱ የፊት መንኰራኵሮች እንደ ቀድሞው ከነግንዳቸው ከሚዞሩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምሰሶ ላይ እንዲዞሩ አደረገ፤ ወኪሉ አከርማን ይህንኑ በ1818 እ.ኤ.አ. በለንደን አስመዘገበው፤ ዓለምም እስከ ዛሬ ጥበቡን የሚጠራው ባሰበው ሰው ሳይሆን ባስመዘገበው ሰው ስም ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚታወሱኝ ስማቸው በአንድም ወረቀት ያልሰፈረ የእኛ የፊት እግር ሠራተኞች ናቸው።

ፒክአፕ ሲመጣ ሥራቸው ረቀቀ። በ1960 ዓ.ም. በጃፓን መሠራት ከጀመረው ከቶዮታ ሃይሉክስ መካከል በሁሉም ጎማ የሚጎተተው ዓይነት ለብዙ ዓመት የፊት እግሩ እንደ ከባድ መኪና ወፍራም ዘንግና ባሌስትራ ነበረ፤ ኋላ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው ከፍና ዝቅ እንዲል ተደረገና በዘንጉ ቦታ ክንዶችና ቦልጆይንቶች ገቡበት። ቦልጆይንት የጭን አጥንት በዳሌ ጽዋ ውስጥ እንደሚዞር ያለ ነገር ነው፤ ሕይወቱ በላዩ ባለው ቀጭን የጎማ ሽፋን ውስጥ የሚኖረው ቅባት ነው፤ የኮረኮንች አቧራና የክረምት ጭቃ ያን ሽፋን ቀድዶ በገባ ጊዜ ብረት ብረትን ይበላል፣ ከዚያም ያ ኳኳታ ይጀምራል።

መለወጡም ጉልበት ብቻ አይደለም። አሮጌው ቴስቲኒ ሾጣጣ አንገቱ በክንዱ ዓይን ውስጥ ተጣብቆ እምቢ ሲል፣ አዋቂው ጫፉን እየደበደበ ጥርሱን አያበላሽም፤ የዓይኑን ጎን በመዶሻ መትቶ፣ በወዲያኛው ጎን ሌላ መዶሻ ደግፎ፣ በንዝረቱ ያላቅቀዋል እንጂ። ፈትቶ ሲያወጣም ስንት ዙር እንደ ዞረ ይቈጥራል፤ አዲሱ በዚያው ቍጥር ካልገባ የሁለቱ ጎማዎች አመለካከት ይለያያልና፣ መኪናውም አዲስ ጎማ ያለጊዜው ይጨርሳል። ቈጥሮም ቢሆን በመጨረሻ የጎማውን አቅጣጫ በመሣሪያ ሳያስለካ አይለቅም።

ይህ ሁሉ የሚወረሰው የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚቀበለው ነው። በአንድ ጋራዥ እንዳየሁት፣ ሽማግሌው መካኒክ ፒክአፑን በክሪክ አነሣና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘ፤ ቀጥሎም በግራና በቀኝ ይዞ ወዘወዘ፤ የመጀመሪያው ቦልጆይንቱንና ኩሽኔታውን፣ ሁለተኛው ቴስቲኒውን ይመረምራል። ከዚያ የተለማማጁን ልጅ እጅ ይዞ በመጋጠሚያው ላይ አኖረና ሌላው ረዳት መሪውን ጥቂት እንዲያነቃንቅ አዘዘ።

«ሰማህ?» አለው፤ የሚሰማ ድምፅ ግን አልነበረም፣ ሽማግሌው የጠየቀው እጁን ነበርና።

«አልሰማሁም ጋሼ።»

እንደገና አስነቀነቀ፤ እንደገናም። ልጁ ሦስት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ዓይኑ ሲበራ አየሁ፤ «ሰማሁ» አለ። አዲሱ ቴስቲኒ ከካርቶኑ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።